ተናኘና ግማሹ የሚቀረው ድራማ

ተናኘን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስለ እሷ ሲያወራ የሚጀምረው ከጥያቄዋ ነው። አትላንታ በገባች ሰሞን፣ ስደተኞችን የምትረዳው ሴትዮ በመኪና ከተማውን እያዞረች «ይኼ መንገድ ፒችትሪ ነው፣ ያኛውም ፒችትሪ ነው» ብትላት፣ ፒችትሪ የኮክ ዛፍ ማለት ነውና፣ «ታዲያ የኮክ ዛፉ የታለ?» ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ ሳቀች እንጂ አልመለሰችላትም። ተናኘ ደግሞ ሳቅን እንደ መልስ አትቆጥርም። የአውቶቡስ ሹፌሩን ጠየቀች፣ የአፓርታማውን ሥራ አስኪያጅ ጠየቀች፣ ፖስተኛውንም አልማረችው። ባሏ ዳኛቸው፣ «የኔ ሚስት ገነት ብትገባ፣ በሩን ማን እንደገጠመው ሳትጠይቅ አትቀመጥም» እያለ ለሰው ያወራባታል።

ይህ የምተርከው በፈረንጆቹ 1988 የሆነ ነው። ባቡሩ ቻምብሊ ድረስ መምጣት ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። ተናኘ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ጠዋት ልጇን መዓዛን ኪንደርጋርተን ታደርስና ከቻምብሊ ተሳፍራ፣ ከተማውን ከጫፍ ጫፍ አቋርጣ ኢስት ፖይንት ትወርዳለች። እዚያ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ አንድ ሆቴል ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። የባቡሩ ስም ማርታ ስለሆነ አበሻው ሁሉ «ማርታ ዛሬ አስረፈደችኝ»፣ «ማርታ ጥላኝ ሄደች» ይላል። አዲስ የመጣ ሰው፣ ይህች ማርታ የምትባል ሴት ምን ያህል ባለጌ ብትሆን ነው እያለ ይገረማል።

ላውንደሪው ውስጥ የሥራ ጓደኛዋ ሚስ ሎሬታ ናት። ስልሳ የተጠጋች ጥቁር አሜሪካዊት፣ ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ከልጅ እስከ አለቃ «ሚስ» ሳይላት የማይጠራት ሴት ናት። ተናኘ የሚለውን ስም ምላሷ እሺ ስላላላት «ናኒ» ነው የምትላት። የምሳ ዕረፍታቸው ግማሽ ሰዓት ነው። ብሬክ ሩሙ ውስጥ ከማይክሮዌቩ በላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰቅላለች፤ በዕረፍታቸው ሰዓት የቀትሩ ድራማ ይጀምራል። ችግሩ ድራማው አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ነገሩ ሊጦዝ ሲል ደወሉ ይጮኻል፤ ሁሉም ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ማሽኑ።

ቀሪውን ግማሽ የምታየው የሎሬታ የወንድሟ ሚስት ናት፤ ጡረታ ወጥታ ቤቷ ነው የምትውለው። ሎሬታ ማታ ማታ እየደወለች ትሰማና በማግስቱ ለተናኘ ትተርክላታለች። ትረካው አንሶላ ሲያጥፉ ነው። አንሶላውን በአራቱ ጫፍ ይዘው ሲጠጋጉ ሎሬታ ታወራለች፣ ሲራራቁ ታቆማለች፤ የማሽኑ ጩኸት ከሩቅ አያሰማም። ስለዚህ ታሪኩ ለተናኘ የሚደርሳት እየተቆራረጠ ነበር።

የዚያ ሰሞን ታሪክ የአንዲት ሼሪ የምትባል ተማሪና የፒያኖ አስተማሪዋ ነበር። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አስተማሪው ከተማው ሁሉ የሚያከብረው፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መጀመሪያ በክፍሉ ፊት አመሰገናት። ከዚያ ከትምህርት በኋላ አስቀራት። ከዚያ መጽሐፍ ሰጣት። ጓደኞቿን አንድ በአንድ እያቃለለ አራቃቸው።

የተናኘ እንግሊዝኛ ያን ጊዜ ለገበያና ለሥራ እንጂ ለድራማ አይበቃም ነበር። የዚያን አስተማሪ ንግግር ግን ማንም ሳይተረጉምላት ትሰማው ነበር። አንድ ቀን ሰውየው የፒያኖውን ክዳን ዘግቶ ወደ ልጅቷ ዘወር ሲል፣ ተናኘ ሹካዋን አስቀምጣ፣

«አሁን ‹አንቺ እንደ ሌሎቹ አይደለሽም› ይላታል» አለች።

ሰውየው ልክ ይህንኑ አለ። ሎሬታ ከሳንድዊቿ ቀና ብላ አየቻት።

«ትናንት ሳላውቅ አይተሽዋል እንዴ?»

«የዛሬው ዛሬ ነው የሚታየው፣ ሚስ ሎሬታ።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«እንዲሁ» አለች ተናኘ። ጠያቂ ሰው ሲጠየቅ መልስ ያጥረዋል።

የምታውቀው እንዲሁ አልነበረም። ተወልዳ ያደገችው ወሎ ውስጥ፣ አንዲት የወረዳ ከተማ ነው። አባቷ በልጅነቷ «እመት ለምን» ይሏት ነበር። ዝናብ ለምን ይሸታል? በቅሎ ለምን አትወልድም? አባቷ መልስ ሲያልቅባቸው፣ «እሱን መምህርሽን ጠይቂ» ይሏታል። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ታዲያ ጥያቄዋን ሁሉ የሚመልስ መምህር ተገኘላት። የሒሳብ አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክራቫት የሚያስር። ገበሬው ከመንገድ ወርዶ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም የሚለው ሰው ነው። ይህ ሰው የአሥራ አምስት ዓመቷን ልጅ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ከክፍል በኋላ አስቀራት። መጽሐፍ አዋሳት። «አእምሮሽ የዚህ አገር አይደለም፤ ለሌሎቹ አትንገሪ፣ ይቀኑብሻል» አላት። እሷም ደስ አላት፤ ማን ደስ አይለውም? ደስታው ወደ ፍርሃት የተለወጠው የትኛው ቀን ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ ለይታ አታውቀውም። ከፋሲካ በኋላ ግን ያ ሰው መምህር መሆኑን ትቶ ነበር። የሚዘጋው በር፣ የሚመጣው ማስፈራሪያ፣ «ብትናገሪ ማን ያምንሻል» የሚለው ቃል፣ ሁሉም መጣ። ሰኔ ላይ ደብተሯን ጥላ ከትምህርት ቤት ቀረች። እናቷ «ድሮም ለሴት ልጅ ይብቃት ብዬ ነበር» አሏት። አባቷ ምንም ሳይሉ ብዙ ቀን አዩዋት። ሰፈሩ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ። አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ተላከች፤ ከዚያ አብዮቱ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ካርቱም ላይ ዳኛቸው፣ ከዚያ አትላንታ።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ቢጠይቋት ትናገር እንደሆነም አታውቅም፤ የጠየቃት የለማ።

ብሬክ ሩሙ በድራማው ለሁለት ተከፈለ። አንድ ቀን አንድ አምፖል የሚቀይር የጥገና ሠራተኛ ቡናውን እያማሰለ፣

«አሥራ ስድስት ዓመት እኮ ሕፃን አይደለም። ወዳው ነው። አሁን በእሱ ላይ ለምን ይፈረዳል?» አለ።

ሚስ ሎሬታ አፏን በናፕኪን ጠረገች። ሳትቸኩል፣

«ስማ» አለችው። «ልጅ ትወዳለች። ልጅ ውሻም ትወዳለች፣ ከረሜላም ትወዳለች። የልጅቷን መውደድ አይደለም የምንጠይቀው። ትልቁ ሰው ማን ነበር? ቁልፉ በማን ኪስ ነበር? አለቀ።»

ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ቡናውን ይዞ ወጣ። ተናኘ ያን ዕለት ከሰዓት አንሶላውን ሁለት ጊዜ አዛብታ አጠፈች። ትልቁ ሰው ማን ነበር? በጣም ቀላል ጥያቄ ነው። በሕይወቷ ሁሉ ይህን ያህል ስትጠይቅ፣ ይህችን አንዷን እንዴት ዘለለቻት?

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድራማው፣ እንደ ወጉ፣ ዓመታትን በአንድ ጊዜ ዘለለ። ሼሪ አድጋ፣ ነርስ ሆና ወደዚያች ከተማ ተመለሰች። አስተማሪው ደግሞ ሊሾም ነው፤ ርእሰ መምህር። እሷም ቀርባ ልትናገር ቆረጠች። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ቀን ቀጠረላት።

ያን ጊዜ የተናኘ ጉጉት ልክ አጣ። ጉጉቷ ሌሎች ሴቶች እንደሚጓጉት፣ ማን ማንን ያገባል ዓይነት አልነበረም። እሷ ማወቅ የፈለገችው ሌላ ነው። ልጅቷ ያን ቀን ምን ትለብሳለች? አጠገቧ ማን ይቀመጣል? መጀመሪያ የምትለው ቃል ምንድን ነው? እሱ ዓይኗን ያያታል ወይስ ያቀረቅራል? ሰዎቹስ ምን ብለው ይጠይቋታል? እሷ የምታውቀው የታሪኩን መጀመሪያ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ በአገሯም ሆነ በስደት የነገራት ሰው የለም። በቴሌቪዥንም ቢሆን፣ ፈጠራም ቢሆን፣ አንዴ መጨረሻውን ማየት ፈለገች።

የቦርዱ ቀን ሲደርስ ከሥራ ኦፍ ወጥታ ቤቷ ዋለች። ሎሬታ በዋዜማው «ስትመለሺ አንድም ሳታስቀሪ ተርኪልኝ» ብላ አደራ ብላት ነበር።

ዳኛቸው ፒችትሪ ኮርነርስ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው፤ በዚያ ሰዓት ምሳውን እየበላ ነበር። ሚስቱ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ከቤቱ ልትወጣ እንደተነሳች ሰው ተቀምጣ አያት።

ድራማው ጀመረ። ሼሪ ሰማያዊ ልብስ ለብሳለች። እናቷ እጇን ይዛታለች። ተናኘ ይህን መዝግባ ያዘች፤ ሰማያዊ፣ እናት። አዳራሹ ሞልቷል። ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን ያያል፤ አስተማሪው አልመጣም። ከዚያ ዝናብ ታየ። ድልድይ። የአስተማሪው መኪና እየተክለፈለፈ መጣና ከድልድዩ ወደቀ። ስልክ ጮኸ፤ ሊቀ መንበሩ ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ። ስብሰባው ተበተነ። ቀጥሎ መቃብር፣ አበባ፣ ሼሪ እያለቀሰች፣ ቫዮሊን። ከዚያ የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ መጣ።

ተናኘ ብድግ አለች።

«እህስ?» አለች በአማርኛ፣ ለቴሌቪዥኑ። «ሞተና? ማን ሊጠየቅ ነው ታዲያ? እሷ ልትናገር አይደል የመጣችው? ምን ልትል ነበር?»

«ፊልም ነው እኮ፣ ተናኘ» አለ ዳኛቸው።

«ፊልም መሆኑን አውቃለሁ! እኔ ግን ፊልም አይደለሁም።»

ዳኛቸው ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰው።

ተናኘ ከዚህ በኋላ የሆነውን ስትናገር፣ «አፌ በራሱ ሄደ» ትላለች። ቆማ ነው የነገረችው። የቱ መጽሐፍ እንደሆነ፣ በሩ ከውስጥ በምን እንደሚዘጋ፣ ሰኔ ላይ ምን እንደሆነ። ዝርዝር የማያስፈልገውን ዘለለችው፤ እሱም አልጠየቃትም። አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅዋ ተሰበረ፤ የአባቷን ዝምታ ስትጠቅስ።

ዳኛቸው መጀመሪያ የጠየቀው የተሳሳተውን ጥያቄ ነበር።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ስለ ትምህርቴ ለምን እስከ ዛሬ አልጠየቅከኝም? ዘጠነኛ ክፍል ላይ ለምን ቆመች አላልክም?»

አሰበ። «ልጅ ሆነሽ ያቋረጥሽው በድህነት መስሎኝ ነው።»

«አባቴ ድሃ አልነበረም።»

«አዎ። አውቃለሁ። ነግረሽኛል።» ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ያን የማታ ትምህርት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያውን ጂኢዲ፣ ሞልቷል ያልሽኝ…»

«አልሞላም። አስተማሪው ወንድ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አየሁትና ከበሩ ተመለስኩ።»

ዳኛቸው ተነስቶ እጁን ታጠበ፤ ረጅም ጊዜ ታጠበ። ጀርባውን እንደሰጣት፣

«ስሙ ማን ነው?» አላት።

«መርዕድ።»

ትምህርት ቤት ከቀረች ወዲህ ይህ ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ስትሰማው ገረማት፤ የማንም ሰው ስም የሚመስል፣ ተራ ስም ነው። ዳኛቸው ማተሚያ ቤቱ ደውሎ አሞኛል አለ። ከሰዓቱን ሁሉ አብረው ዋሉ፤ መዓዛንም ከትምህርት ቤት ለሁለት ሄደው አመጧት፤ ልጅቷ ምን በዓል ነው ብላ ጠየቀች።

በማግስቱ ሚስ ሎሬታ ገና ከበሩ ጀመረች። «ተታለልን! ድልድይ! ይኼን ሁሉ ሳምንት አስጠብቀውን ድልድይ!» የወንድሟ ሚስት በንዴት ቴሌቪዥኑን አጥፍታዋለች።

«ሚስ ሎሬታ፣ ሌላ አንድ ታሪክ አለ» አለች ተናኘ። «ይኼኛው ድልድይ የለውም።»

አንሶላውን በአራቱ ጫፍ ይዘው ነበር። ተናኘ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ነገረቻት። ሎሬታ መሃል ላይ መጠጋቱን ረሳችው፤ አንሶላው በመካከላቸው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ማሽኑ እየጮኸ ተናኘም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጨረስ ነበረባት፤ አንድ ሰው በሆዱ ቀብሮ የኖረውን ነገር ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ እየጮኸ ሲናገረው ምን ያህል ቀላል ወሬ እንደሚመስል ይገርማል። ተናኘ ስትጨርስ ሎሬታ አላቀፈቻትም፣ አላለቀሰችም። የጠየቀቻት አንድ ነገር ነው።

«ያ ሰው ዛሬም ያስተምራል?»

ዝናብ ለምን ይሸታል ያለችው ሴት ይህን አስባው አታውቅም ነበር።

ያን ሳምንት እሑድ ስልክ አነሳች። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖር አበዛሽ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ጓደኛዋ አለች፤ ለዘመን መለወጫ «እንኳን አደረሰሽ» ይባባላሉ እንጂ ሌላ ወሬ የላቸውም። የጤንነቱና የልጆቹ ጥያቄ ካለቀ በኋላ ተናኘ በቀጥታ ገባችበት።

«አበዛሽ፣ እኔ ትምህርት ቤት ከቀረሁ በኋላ ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ?»

«እኔ» አለች አበዛሽ።

«እህስ?»

«አስቀመጠኝ። መጽሐፍም ሊያውሰኝ ነበር። ከክፍል በኋላ ቅሪ ሲለኝ ግን… ተናኘ፣ አንቺን አሰብኩ። እንዲያ ዓይነት ጎበዝ ልጅ ሰኔ ላይ ደብተሯን ጥላ ስትጠፋ በደህና ነው? አልኩ። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴን ታውቂያታለሽ፣ ጠላ ሻጭ ናት፣ ማንንም አትፈራ። በማግስቱ መጥታ ክፍሉ በር ላይ በርጩማ አስቀምጣ ተቀመጠች። ‹ልጄን እጠብቃለሁ› አለች። ሳምንቱን ሙሉ! ተማሪው ሁሉ ሳቀባት። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አንስቶ አላየኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እድገት አገኘና ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ወዴት እንደደረሰ አላውቅም። አንዱ ሞቷል ይላል፣ ሌላው ቢሮ ገብቷል ይላል።» ቀጥላም፣ «አንቺን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር» አለች።

«እኔም አልመልስልሽም ነበር» አለች ተናኘ።

ስልኩን ዘጋች። ስለ መርዕድ የፈለገችውን አላገኘችም፤ ምናልባት አታገኘውም። ያላሰበችውን ግን አገኘች። እሷ ጠፋሁበት ብላ የምታስበው ሰኔ፣ አንዲት ሌላ ልጅ ቤት ገብቶ አንዲት እናት በርጩማ ይዛ እንድትነሳ አድርጓል። ይህን ማንም ሳይነግራት ነው እስከ ዛሬ የኖረችው። ተናደደችም፣ ደስም አላት፤ የቱ እንደሚበልጥ ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት።

ጥር ላይ ማታ ትምህርቱ ገባች። አስተማሪው ያው ሰውዬ ነበር፤ ራሰ በራ፣ ሳል የማይለቀው ሽማግሌ። ተናኘ የመጀመሪያው ቀን ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ በሩም እንዳይዘጋ በቦርሳዋ ደገፈችው። ሰውየው አይቶ ትምህርቱን ቀጠለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዜሮ ስለ ማካፈል ያን ያህል ስለጠየቀችው፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ወደ ቤት መሄድ እንፈልጋለን ብለው አመረሩ።

በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የኦርቶዶክስ ምእመናኑ፣ በኪራይ በሚያስቀድሱበት አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰቡ። ጉዳዩ ለልጆች የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት መክፈት ነበር። የሚያስተምሩት አቶ ገብረሕይወት ናቸው፤ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ሁሉም ተነስቶ ወንበር የሚለቅላቸው አዛውንት። ሁሉም «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» አለ። ሰብሳቢው ሊዘጋ ሲል ተናኘ እጇን አወጣች። ዳኛቸው መዓዛን ታቅፎ አጠገቧ ነበር፤ ክንዱን ክንዷ ላይ አስጠጋ።

«ክፍሉ የትኛው ነው?» አለች።

«ታች፣ ቤዝመንቱ ውስጥ።»

«በሩ ክፍት ይሆናል? ወላጅ በፈለገው ሰዓት ገብቶ መቀመጥ ይችላል? ከልጅ ጋር ብቻውን የሚቀር ትልቅ ሰው አለመኖሩን ማን ያያል?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «እሜቴ፣ እኚህን የመሰሉ አባት ነው የምትጠረጥሪው?» አለ።

«እሳቸውን አይደለም» አለች ተናኘ። «ነገ ሌላ አስተማሪ ቢመጣም፣ እኔ ራሴ ባስተምርም ይኸንኑ እጠይቃለሁ። የኔ ጥያቄ ስለ በሩ ነው።»

ሁሉም ወደ አቶ ገብረሕይወት ዞረ። አዛውንቱ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ወላጅ የለም» አሉ።

«ቅር አሰኘሁዎት?»

«አዎ፣ አሰኝተሽኛል።» ቀና አሉ። «ቢሆንም በሩ ይከፈት። ከወላጆች ሁለት ሁለት እየሆናችሁ በተራ ተቀመጡ። እኔም ብሆን የልጅ ልጆቼን አመጣለሁ። ይህ ጥያቄ መጠየቅ ሲገባው ሳይጠየቅ የቀረበት ትምህርት ቤት አውቃለሁ።»

እንዲያው ሆኖ ተወሰነ፤ በተራ መቀመጡን መጀመሪያ የጀመረችው ተናኘ ናት፣ ከሁሉም የበለጠ ስለ ፊደል የጠየቀችውም እሷው።

ያን ቀን ግን ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ዳኛቸው ልጁን መኪና ውስጥ አስተኝቶ ሞተር አስነስቶ ሲጠብቃት፣ ተናኘ በፓርኪንጉ መሃል አዛውንቱን ተከትላ ትሮጥ ነበር።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቁሙልኝ! ያሉት ትምህርት ቤት የትኛው ነው? ምን ሆኖ ነው?»

አቶ ገብረሕይወት ቆሙ። ፊቷን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ በዛፉ ጥላ ሥር ያለውን የሲሚንቶ ጠርዝ በከዘራቸው አመለከቷት።

«ረጅም ነው» አሏት። «ተቀመጪ።»

ዳኛቸው በመስኮቱ አየና ሞተሩን አጠፋ።